ደብረ ታቦርና የጴጥሮስ ዳስ

የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከወንጌሉ ተራራ ነው። ጴጥሮስ በዚያ ተራራ ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱ ደስታው እንዳይለየው ሽቶ ነበር፤ ነገር ግን ሲወርዱ የጠበቃቸው የታመመ ልጅ ነው። አምልኮ ለአምላኪው ደስታ ነውን? ጥያቄውን ከዚሁ አገር ታሪክ እንመርምር።

ኋላ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1856 እ.ኤ.አ. ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፥ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሁን ቢሉ ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ። በዚህ ነገር ንጉሡ ለእውነት የቀረቡ ይመስለናል፤ ቅዳሴ የቀዳሹ ምቾት ማግኛ አይደለምና። (መተዳደሪያ ያጣ ደብር ቶሎ እንደሚፈታም አንዘነጋም።)

ይሁን እንጂ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው መጻሕፍቱን ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ሲያከማቹ፥ እሳቸውም የራሳቸውን ዳስ ተከሉ። ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ወደ እንግሊዝ ተጋዙ።