አቴንስን በአገው ምድር ማስተማር

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ሩብ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ለመዝመት በሚዘጋጅበት ጊዜ ለወደብ ከተማዋ ለአዱሊስ ገዥ ለአስባስ ትእዛዝ ላከ። በከተማዋ መግቢያ ከቆመው የእብነ በረድ ዙፋንና ከጎኑ ካለው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የግሪክ ጽሕፈት ተገልብጦ እንዲመጣለት ፈለገ። አስባስ ሥራውን ለሁለት ነጋዴዎች ሰጣቸው። አንደኛው ሜናስ ይባላል፤ ሁለተኛው በኋላ ኮስማስ በሚለው ስም የታወቀው የእስክንድርያ ሰው ነው። ኮስማስ ለራሱም ግልባጭ አስቀርቶ ስለነበር በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዙፋኑም ድንጋዩም ዛሬ የሉም፤ ጽሑፉ የደረሰን በእሱ እጅ ብቻ ነው።

በዙፋኑ ላይ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከነዚህ መካከል ሊቃውንት ከአገው ጋር የሚያያይዙት «አታጋው» የሚል ስም አለ። ኮስማስ ራሱም በሌላ ቦታ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ እንደሚልክ ጽፏል። ነጋዴዎቹ ሌሎች ተጨምረውባቸው ከ500 ይበልጣሉ፤ በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። ዙፋኑ የሚያወሳው በሰሜን የነበሩትን ነው እንጂ ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ የሚኖረውን የአገው ወገን አዊን በስም ጠርቶ አይደለም። ቢሆንም የአገው ስም በግሪክ ፊደል ከተጻፈ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል።

ይህን ማስረጃ የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም። በእንጅባራና በዳንግላ የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ መምህር ጥንታዊት ግሪክ ላይ ሲደርስ በተማሪዎቹ ፊት የሚያቆመው ከዚህ ምድር ጋር ምንም ያልተገናኘ ሕዝብ ሊመስል ይችላል። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። የግሪክ ፊደልም ጥበብም ወደዚህ አገር ደርሷል። ሳይደርስ የቀረው ዜጎች የሚወስኑበት የአቴንስ ጉባኤ ነው። ለምን እንደቀረ መረዳት የትምህርቱ መጀመሪያ መሆን አለበት።

መልሱ በዘመን ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። የአቴንስ የሕዝብ አገዛዝ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322 በመቄዶንያ ኃይል ወደቀ። በቀይ ባሕር ስለሚደረገው ንግድ የሚተርከው የግሪክ መጽሐፍ ግሪክኛ ማንበብና መጻፍ ያውቃል ብሎ የሚያመሰግነው ዞስካልስ በዚህ አካባቢ የነገሠው ከዚያ አራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛናም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድሉን ከግዕዝ ጋር በግሪክ አስቀርጿል። ስለዚህ ወደ አክሱም የመጣው ግሪክኛ የነገሥታትና የነጋዴዎች ቋንቋ ነበር። የአዱሊሱ ዙፋን ባለቤት ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል፤ ዕጣ ስለሚያወጣ ሸማኔ ወይም በጉባኤ ስለሚናገር ገበሬ ግን የሚነግረን የለም።

የግሪክ ጥበብ የመጣበት ሁለተኛው መንገድ የብራና መጽሐፍ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ሶቅራጥስን፣ አፍላጦንንና አርስጣጣሊስን ለአገራችን አንባቢ አስተዋወቀ። በዚህ መጽሐፍ ፈላስፎቹ መካሪ አባቶች ናቸው፤ ስለ ነፍስ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ንጉሥ ጠባይ ይናገራሉ። የኖሩባት ከተማ በምን ሕግ ትተዳደር እንደነበር መንገር የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም። ስለዚህ የአቴንስ ጉባኤ ወደ ኢትዮጵያ ተማሪ የገባው በዘመናዊው ትምህርት ቤት በኩል ነው።

በዚህም መንገድ ሲገባ ብዙውን ጊዜ «ዴሞክራሲ በአቴንስ ተወለደ» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጠብቦ ነው። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ በፈተና ላይ ይመልሰዋል። በአዊ ይህ ችግር ይከብዳል። ልጁ በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ተምሮ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የአቴንስን ሥርዓት የለወጠውን ክሊስቴንስን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። በሦስተኛ ቋንቋ የመጣ ነገር ጠፍሮ የሚይዘው ተጨባጭ ጉዳይ ካላገኘ ከቃል ጥናት አያልፍም።

ተጨባጩ ጉዳይ ግን ሞልቷል። የአርስጣጣሊስ ነው የሚባለውና የአቴንስን ሥርዓት የሚያስረዳው ድርሳን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ ከግብፅ በወጣ ፓፒረስ ላይ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ታተመ። ከዚህ ጽሑፍና ከሌሎች ማስረጃዎች እንደምንረዳው ክሊስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ግድም የጥንቶቹን አራት የዘር ነገዶች የፖለቲካ ሥልጣን አሳጣቸው። በምትካቸው አሥር አዲስ ነገዶች አቆመ። መሠረታቸው 139 መንደሮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ነገድ ከከተማው፣ ከባሕሩ ዳርና ከመሐል አገሩ ሦስት ክፍሎች ተውጣጥቶ ተሠራ። እያንዳንዱ ነገድ 50 ሰው በዕጣ እየሰጠ የ500 ሰዎች ምክር ቤት ተቋቋመ። አንድ ዜጋ በዚህ ምክር ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ማገልገል አይችልም ነበር፤ ሊቀመንበሩም በየቀኑ ይለወጥ ነበር። ትልቁ ጉባኤ ፕኒክስ በተባለው ኮረብታ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ለአንዳንድ ውሳኔዎች 6,000 ሰው መገኘት ነበረበት።

ይህን ሥራ ለአዊ ተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ሰባት ቤት አገው» የሚባለው የአዊ ሕዝብ ትውፊት ከላስታ ስለመጡ ሰባት ወንድማማቾች ይናገራል፤ ቤቶቹም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ልጁ የዘር ነገድ ምን እንደሆነ፣ አባል መሆን ምን መብትና ምን ግዴታ እንደሚያመጣ ከቤቱ ያውቃል። መምህሩ ካርታ ዘርግቶ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ የእንጅባራን ደጋ፣ የዳንግላን ወይና ደጋና የጓንጓን ቆላ አንድ ላይ አድርጋችሁ አዲስ ቡድን ብትመሠርቱ፣ ቡድኑም ተወካዮቹን በዕጣ ቢያወጣ፣ ማን ይቃወማል? ማን ይጠቀማል? ከአንድ ቤት የመጡ ኃያላን ምን ያጣሉ? ይህን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ክሊስቴንስ ምን እንዳደረገና የአቴንስ ባላባቶች ምን እንዳጡ ገብቶታል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው ሰባት ቤት አገውን ከአቴንስ በፊት የነበረ ዴሞክራሲ ማድረግ ነው። የወንድማማችነት ትውፊት ሕዝብ ስለ ራሱ ያለውን አስተሳሰብ ይነግረናል፤ በምን ሥርዓት ድምፅ ይሰጥ እንደነበር አይነግረንም። ሁለተኛው ስሕተት የሕዝብ ምክክር የሚባል ነገር ከውጭ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ምድር አልነበረም ማለት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዓድዋ ላይ የተዋጉ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል፤ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ማኅበሩ መንግሥት አይደለም፤ በራሱ ደንብ የሚሠራ፣ አባላቱን በፈቃደኝነት ያሰባሰበና ትውልድ ተሻግሮ የዘለቀ ድርጅት ግን ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ለአዊ የራሱን የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷል። በዘር፣ በፈቃደኝነትና በብሔረሰብ የተመሠረቱ ሦስት ዓይነት ማኅበራት በአንድ ዞን ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። ተማሪው ለእያንዳንዳቸው አራት ጥያቄዎች ያቅርብ፤ ማን አባል ነው? መሪው በምን ይመረጣል? ለስንት ጊዜ? ማን ውጭ ቀረ?

የመጨረሻው ጥያቄ አቴንስን በጥብቅ ይፈትናታል። ሴቶች፣ ባሪያዎችና የውጭ ተወላጆች በጉባኤው ቦታ አልነበራቸውም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ451 ወዲህም ዜጋ ለመሆን አባትም እናትም አቴናውያን መሆን ነበረባቸው። የኢትዮጵያ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫ መምረጥ ሲችሉ፣ የአቴንስ ሴት በ200 ዓመት ገደማ የዴሞክራሲ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አልሰጠችም። ይህን መናገር አቴንስን ማቃለል አይደለም፤ ልጃገረዶች የክፍሉን ግማሽ በያዙበት ክፍል መምህሩ ሊዘለው የማይገባ እውነት ነው።

ጉባኤው ሲሳሳት ምን እንዳደረገም መማር ያሻል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 የሚቲሊኒ ከተማ አምፃ ተሸነፈች፤ የአቴንስ ጉባኤም በቁጣ ወንዶቿ ሁሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት እንዲሸጡ ወስኖ መርከብ ላከ። በማግስቱ ሕዝቡ ተጸጸተ፤ እንደገና ተሰብስቦ ተከራከረ፤ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ውሳኔውን ሻረ። የሁለተኛው መርከብ ቀዛፊዎች ሳያቋርጡ ሌት ተቀን ቀዝፈው ደረሱ፤ እልቂቱ ሊፈጸም ሲል ቆመ። የአቴንሱ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ የጻፈው ይህ ታሪክ የሕዝብ አገዛዝ ጽድቅ የሚያመጣ ሥርዓት እንዳልሆነ ያሳያል። በሌላ በኩል ውሳኔን በአደባባይ መልሶ መመርመር የሚችል ሥርዓት የሰው ሕይወት እንደሚያተርፍም ያሳያል። በዚያው ጊዜ ግን ጉባኤው የአመፁን መሪዎች አስገድሏል፤ ቱኪዲደስ ቁጥራቸውን ከ1,000 ያስበልጠዋል። ተማሪው ይህንንም ማወቅ አለበት።

ስለዚህ በእንጅባራና በዳንግላ ያለው የታሪክ መምህር «ዴሞክራሲ የት ተወለደ?» የሚለውን ጥያቄ ከፈተናው ያውጣው። በምትኩ «የሚቲሊኒ ውሳኔ እንዲሻር ያደረገው ምን ነበር፤ በምናውቃቸው ማኅበራትና ምክር ቤቶች ውስጥስ የተሳሳተ ውሳኔ በምን መንገድ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን በማስረጃ የሚመልስ ተማሪ ስለ ጥንት ግሪክ የሚያስፈልገውን አውቋል፤ ነገ በራሱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።