በችሎታ የሚያሳልፍ ትምህርትና የወጪው ነገር



በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ከለቡ ጣቢያ የሚነሣውን ባቡር ለሚነዳ ሰው ዋናው ጥያቄ በትምህርት ቤት ስንት ዓመት ተቀመጠ ሳይሆን ባቡሩን በደኅና መንዳት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ዛሬ በከፍተኛ ትምህርትም ተማሪውን በዓመት ቍጥር ሳይሆን በችሎታው ማሳለፍ ይገባል የሚል አሳብ በርትቷል። አሳቡ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚሸጋገረው የያዘውን ሲፈጽም ነው። ለቅኔ ወደ ጎጃም ዋሸራ፥ ለድጓ ምስክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ከሚሄዱት መካከል አንዱ ፈጥኖ ሲጨርስ ሌላው እጥፉን ይቆይ ነበር፤ የተቈረጠ ቀን አልነበረበትም።

ይህ እንዴት ተቻለ ቢሉ፥ ምሥጢሩ በመተዳደሪያው አደላደል ላይ ነው። መምህሩ በአብዛኛው የሚኖረው ለደብሩ ከተሰጠው መሬት በሚያገኘው እንጂ ከተማሪ በሚቀበለው ክፍያ አልነበረም፤ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ እየለመነ ይመገባል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመት ቢጨምር የመምህሩ ኑሮ አይናጋም። ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ረኃቡን፥ ብርዱንና የውሻውን ንክሻ የሚሸከመው ልጁ ራሱ ነበረና።

መሬቱም ለዘለዓለም አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፥ አዋጁ የጭሰኛውን ቀንበር ሲሰብር የመምህሩንም መተዳደሪያ አብሮ ወሰደው። የትምህርቱ ሥርዐት እንዳለ ቆየ፤ የተቋረጠው የሚያኖረው ሀብት ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር የተተከለው ሥርዐት ሌላ ነበር፤ ትምህርቱም ወጪውም በዓመት ይቈጠራል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሲመጣም የተማሪው ዕዳ በቆየበት ዓመት ልክ የሚያድግ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ችሎታን ይመዝናል፤ ነገር ግን በዓመታቱ ፍጻሜ ላይ ተጨመረ እንጂ ዓመታቱን አልተካም።

እንግዲህ በችሎታ ማሳለፍ የሚሻ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠየቃል። የሚዘገየውን ተማሪ ማን ይቀልበዋል? አንድ በአንድ እየመረመረ የሚመሰክረው መምህርስ ደመወዙ ከየት ይመጣል? አባቶቻችን ኋለኛውን በመሬት መለሱት፤ ፊተኛውን ግን በልጁ ትከሻ ላይ ተዉት። እኛ ሁለቱንም በበጀት ካልመለስን፥ በችሎታ ማሳለፍ የምንለው ነገር ስንቅ ያለውን ብቻ ማሳለፍ ይሆናል።