የዜታ ሙቀት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሃርዌል ሊቃውንት ዜታ የተባለውን ታላቅ መኪና ሥራ አስጀመሩ። ሐሳባቸው ከባድ ሃይድሮጅንን እንደ ፀሐይ አግሎ ኀይል ማግኘት ነበር። ቀለበት በሚመስለው ሰፊ ቧንቧ ውስጥ በጋዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፥ ከዚያው የሚወለደው የማግኔት ኀይል ጋዙን ጨምቆ ከግድግዳው ያርቀዋል። ዳሩ ግን የጋለው ጋዝ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ግድግዳውን ይነካና ሙቀቱን ያጣል።

ኒውትሮን በታየ ጊዜ አለቃቸው ሰር ጆን ኮክሮፍት በጥር 1958 ከመቶ 90 እርግጠኛ ነኝ አሉ። በግንቦት ግን ኒውትሮኑ ከሙቀቱ እንዳልመጣ ታወቀ። ነገሩ ቢያሳፍርም፥ ስሕተቱን መርምረው ያገኙት እዚያው የሃርዌል ሰዎች መሆናቸው የሚያስከብራቸው ይመስለኛል።

ሩሲያውያን በ1968 ቶካማካችን እጅግ ጋለ ሲሉ ብዙዎች ተጠራጠሩ። እንግሊዞች የሌዘር መለኪያቸውን ይዘው ሞስኮ ሄዱ፤ በ1969 ሙቀቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ መድረሱን መሰከሩ።