ማስዳር፦ በበረሃ ላይ የታቀደችው ካርቦን አልባ ከተማ ምን ገጠማት?

አንድ ከተማ ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዜሮ ማድረግ ይችላል? ይህን ጥያቄ በወረቀት ሳይሆን በሲሚንቶና በብረት ለመመለስ ከተነሱት ፕሮጀክቶች መካከል የማስዳርን ያህል የተወራለት ጥቂት ነው። ታሪኳ “ተሳካላት” ወይም “ከሸፈች” ተብሎ በአንድ ቃል አይዘጋም፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ተከታተሉን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የነዳጅ አገር ስለ ፀሐይ ሲያስብ

ነገሩ የተጀመረው በ2006 ነው። በነዳጅ ሀብቷ የምትታወቀው አቡ ዳቢ በዚያ ዓመት ማስዳር የተባለ የታዳሽ ኃይል ኩባንያ አቋቋመች። ቃሉ በዐረብኛ “ምንጭ” ማለት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ነዳጁ አንድ ቀን ቢያልቅ ወይም ገዢ ቢያጣ፣ ኃይል የመሸጡን ሥራ በሌላ መልክ መቀጠል።

ከኩባንያው ሥራዎች ሁሉ የዓለምን ዓይን የሳበው ግን ከተማው ነው። ከአቡ ዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ በረሃ ላይ፣ እስከ 50,000 ሰው የሚኖርባት፣ ካርቦን የማትለቅ፣ ቆሻሻ የማትጥል፣ መኪና የማይገባባት ከተማ ታቀደች። ፕላኑን የነደፈው የእንግሊዙ ፎስተር ኤንድ ፓርትነርስ ነው። በ2008 ግንባታው ሲጀመር የተገመተው ወጪ 22 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በ2016 ያልቃል ተብሎ ነበር።

ጥላ ከማሽን በፊት

ባሕረ ሰላጤው አካባቢ የኖራችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያለ ኤሲ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። በዚያ አገር የሕንፃዎችን ኤሌክትሪክ በብዛት የሚበላው ማቀዝቀዣው ነው።

ስለዚህ የፕላኑ ነዳፊዎች “ስንት የፀሐይ ፓነል እንግዛ?” ብለው አልጀመሩም። የጀመሩት “ሙቀቱ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ምን እናድርግ?” ብለው ነው። መልሱንም ከጥንት የዐረብ ከተሞች ተማሩ። መንገዶቹን አጠበቧቸው፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሕንፃዎች አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናሉ። መንገዶቹ ሰያፍ እንዲሆኑ አደረጉ፤ ጥላ እንዲበዛና ንፋስ እንዲገባ። አደባባዩ ላይ ደግሞ 45 ሜትር ቁመት ያለው የንፋስ ማማ አቆሙ፤ ከላይ ያለውን ንፋስ ይዞ ወደ ታች ያወርዳል። በባሕረ ሰላጤው የድሮ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚታየው የንፋስ ማማ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ቤት በጥላው ምክንያት የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ መገዛት ያለበት ፓነልም በግማሽ ይቀንሳል። ደግሞም ሕንፃን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ማዞር ፕላን ላይ እያለ ብዙ አያስከፍልም። ከተሠራ በኋላ ግን ማን ያዞረዋል?

ዕቅዱ ሲፈተን

ግንባታው ገና ከመጀመሩ የ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። በ2010 ዕቅዱ ተከለሰ፤ የማለቂያው ጊዜም እየተገፋ ሄዶ ወደ 2030 ተሻገረ።

መጀመሪያ የተሰናከለው ትራንስፖርቱ ነው። መኪና ከተከለከለ ሰው በምን ይሂድ? መላ ከተማዋ ከመሬት ከፍ ባለ መድረክ ላይ እንድትሠራ፣ ከሥሯ ደግሞ ሹፌር የሌላቸው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲመላለሱ ታስቦ ነበር። በ2010 መጨረሻ ገደማ መኪኖቹ ሥራ ጀመሩ፤ ነገር ግን በሁለት የመንገደኛ ጣቢያዎች መካከል ብቻ ተወስነው ቀሩ። ከተማን በሙሉ በመድረክ ላይ መሥራት እጅግ ውድ ነው። በዚያ ላይ በተራ አስፋልት የሚሄዱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገበያ ውስጥ መግባት ጀመሩ።

ኤሌክትሪኩስ? በ2009፣ 10 ሜጋዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተተከለ። ግን በረሃ ውስጥ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን አቧራም አለ። አቧራ የሸፈነው ፓነል ኃይሉ ይቀንሳል፤ በየጣሪያው እየወጡ መጥረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ፀሐይ ማታ የለችም፤ ባትሪም በዚያን ጊዜ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ከተማዋ ከአቡ ዳቢ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ተያያዘች፤ መረቡ ደግሞ ያኔ በዋናነት የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነበር።

ያልቃል በተባለበት በ2016 የተሠራው ከዕቅዱ ጥቂቱ ብቻ ነበር። በውስጧ የሚያድሩት 300 ያህል ተማሪዎች ነበሩ። ዜሮ ካርቦን የሚለው ግብ እንደማይደረስም በይፋ ተነገረ።

የሒሳቡ ድንበር የት ነው?

ጉዳዩ ግን በገንዘብና በአቧራ ብቻ አይገለጽም። “ዜሮ” ስንል ከየት እስከ የት ቆጥረን ነው? ጠዋት ከአቡ ዳቢና ከዱባይ በመኪናው መጥቶ፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ የሚገባው ሠራተኛ ያቃጠለው ቤንዚን በማን ሒሳብ ይያዝ? ሕንፃዎቹ የተሠሩበት ሲሚንቶና ብረት ሲመረት የወጣው ካርቦንስ? በአጥር የተከለለ ከተማ በአጥሩ ውስጥ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ አየር ግን አጥር አያውቅም።

ለዚህ ነው ከመረቡ ጋር መያያዙን እንደ ሽንፈት ብቻ ማየት የማይገባው። ፓነልን በየጣሪያው ከመበተን በሰፊ ሜዳ ላይ በብዛት መትከልና ማጽዳት ይቀላል፤ ኃይሉም ለአገሩ ሁሉ ይደርሳል። ማስዳር ኩባንያው ራሱ በኋላ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ትልልቅ የፀሐይና የንፋስ ጣቢያዎችን ይገነባል። ከተማዋም ባዶ አልቀረችም። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት ከ2015 ጀምሮ እዚያው ነው። ጠባቦቹ መንገዶችም ዛሬም ጥላ ይሰጣሉ፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳያስቆጥሩ።

ለእኛስ?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡም በ2024 ተወስኗል። ማስዳር ብዙ ገንዘብ አፍስሳ የፈለገችው ንጹሕ ኤሌክትሪክ ለአዲስ አበባ ባዳ አይደለም። የሚቀረን ማስዳር በርካሽ የተሳካላት ክፍል ነው፦ አቅጣጫ፣ ጥላ፣ በእግር የሚደረስ ሥራና ትምህርት ቤት። ኤሲ ሳያስፈልገው በሚኖር ደጋ ከተማ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበል ባለ ሙሉ መስታወት ሕንፃ ስናቆም፣ የሌለብንን የበረሃ ችግር በገዛ ገንዘባችን እየገዛን ነው። ሰፈር ፈርሶ ሲሠራ ይህ የሚወሰነው አንድ ጊዜ ነው፤ ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት የሚከፍሉት ደግሞ እዚያ የሚኖሩት ናቸው። በሰፈራችሁ የአዲስ ግንባታ ሥዕል አጥር ላይ ተለጥፎ ስታዩ፣ ከፎቁ ብዛት በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መስኮቱ ወደየት ይዞራል? እዚያ የሚኖረው ሰውስ ሥራው ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?