ድግስና በሬ፦ የሠርግ ወጪ በሐይቅና በአምባሰል አገር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከሐይቁ በስተደቡብ፣ ከፍ ባለ ስፍራ፣ አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል፤ ሞልቶ የሚተርፈው ውኃውም ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በሁለቱ ሐይቆች ዳርቻና በአምባሰል ተዳፋት የሰፈረው ገበሬ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ በአንድ መንደር ተጎራብቶ፣ አልፎ አልፎም ተጋብቶ የሚኖር ነው። የዚህ አገር ሠርግ ብዙ ጊዜ የአባካኝነት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን ወጪው በምን ይከፈል እንደነበር፣ የማን ጎተራ ይጎድል እንደነበርና የጎደለውም ተመልሶ ይተካ እንደሆነ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ፣ ከመዝገቡ አንዱን ገጽ ብቻ አንብቦ ሂሳብ እንደመዝጋት ይቆጠራል።

በቀድሞው ጊዜ የሠርግ ወቅት የሚወሰነው በአውድማ ነበር። መኸሩ ተሰብስቦ ጤፉና ማሽላው ጎተራ ከገባ በኋላ ጥር የሠርግ ወር ይሆናል። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይድራል፤ ያልደረሰለትም ፋሲካ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሙስሊሙ በጨረቃ አቆጣጠር የረመዳንን ወር እየተጠነቀቀ ኒካሑን ያስራል፤ ሆኖም ጎተራው የሚሞላው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ጊዜ ስለሆነ ድግሱም ከዚያው ወቅት ብዙ አይርቅም ነበር። እህሉ፣ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ በርበሬውና ቅቤው አብዛኛው ከቤት የሚወጣ ነው። ከገበያ የሚገዛው ጨውና ቅመም፣ እንዲሁም የሙሽሮቹ ልብስ ነበር። ከሁሉ የከበደው ወጪ ግን በሬ ነው።

በሬ ለአርዲቦ ገበሬ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የእርሻ ጉልበት ነው። ለማረስ ጥንድ በሬ ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ ያለው ሰው ከመሰሉ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳል። ስለዚህ አስተዋይ ደጋሽ የሚያርደው ቀንበር የከበደውን ያረጀ በሬ አድልቦ ነው። ለክብሩ ሲል የሚያርሰውን በሬ ያረደ ሰው ግን በሰኔ የሰው በሬ ይለምናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ በፈጀ ጊዜ መሬቱ ጦም ማደሩ፣ አንድ በሬ በዚህ አገር የስንት ሰው ሕይወት እንደተሸከመ በግልጽ አሳይቷል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ወጪ ይጨመራል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። በመሆኑም ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠራ ሰው ሁለት እርድ ያሰናዳል። ለሌላው ወገን የታሰበውን ከብት ወይም ፍየል የዚያው ሃይማኖት ሰው ባርኮ ያርደዋል፤ ወጡም በተለየ ድስት፣ በራሳቸው ሴቶች እጅ ይሠራል። ጠላ ለማይጠጣውም ቃሪቦ ወይም ብርዝ ይቀርብለታል። በሂሳብ ሰው ዓይን ይህ ድርብ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ በተገደደበት አገር፣ ሁለት ድስት መጣድ ጎረቤት ከድግስ ቤት ጾሙን እንዳይመለስ የተከፈለ ዋጋ ነውና ብክነት ሊባል አይገባውም።

ደጋሹም ይህን ሁሉ ብቻውን አይሸከመውም። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል፤ ዋና ሥራው ቀብርና ኀዘን ቢሆንም አንድ መንደር በደስታም ጊዜ የሚተሳሰበው በዚሁ ዝምድና ነው። ወንዶች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ዳስ ይጥላሉ፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ከየቤታቸውም በመሶብና በእንስራ ያመጣሉ። የመጣው ሁሉ በቃል ወይም በመዝገብ ይያዛል፤ ያመጣው ሰው ልጁን በሚድርበት ቀን በዓይነቱ ይመለስለታልና። ባለ ድግሱ ረዳቶቹን ሲያሰናብት «ብድር መላሽ ያድርገን» የሚለው የትሕትና ቃል ብቻ አይደለም፤ ዕዳውን ማመኑ ነው። እንግዲህ ድግሱ የተበላ ሀብት መሆኑ እውነት ቢሆንም ከፊሉ በጎረቤት ቤት የተቀመጠ ቁጠባ ነበር ማለት ይቻላል።

ከተበላው ይልቅ የሚቀመጠው ጥሎሹ ነበር። የማርትሬዛ ብር በሚዘወተርበት ዘመን ብር ሠሪው ጠገራውን አቅልጦ ድሪ፣ አልቦና ጉትቻ ይሠራው ነበር፤ ሙሽራይቱ የምታጌጥበት ብር ከገንዘቡ የተለየ ነገር አልነበረም። በሙስሊሙ ዘንድም መህር በሸሪዓው የሴቲቱ የራሷ ሀብት ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ቢርቅም በሴቶች አንገት ላይ ቆየ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀቡ ወሎን ሲያጠቃ ገበሬው ከብቱን ሸጠ፣ ጌጥ የነበራትም ጌጧን አውጥታ በርካሽ ለወጠች። ዋጋው ምንም ያህል ቢወድቅ ጌጡ እህል ገዝቷል፤ የተበላው ድግስ ግን በዚያን ጊዜ ሊያበድር የሚችል ጎረቤት አላገኘም፣ ረኀቡ የመታው ሁሉንም ነበርና።

የተማረው ክፍል በድግስ ላይ የሰነዘረው ነቀፌታ ከዚህ ረኀብ ይቀድማል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ያለ ዕድሜ ጋብቻን ነቀፉ፤ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ደግሞ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከቆየው የተዝካርና የጋብቻ ልማድ ጋር ይጋጫል። ኅሩይ ሁለቱን ጉዳዮች በየመጽሐፉ ቢለያዩአቸውም በገበሬው ቤት ግን አንድ ሆነው ይገኛሉ።

ይኸውም እንደሚከተለው ነው። በአማራው ገጠር አባት ታላቂቱን በሚድርበት ቀን ታናሺቱንም ደርቦ መዳር የቆየ ልማድ ነው። ዳሱ አንድ፣ ጠላው አንድ፣ በሬውም አንድ ይሆናል፤ ለሁለት ድግስ የሚወጣው በአንድ ይጠቃለላል። በቁጠባ ረገድ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አይገኝም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ታናሺቱ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሕጎቹ ስለ ዕድሜ ይናገራሉ፤ ሁለተኛ ድግስ የሚያስፈራው አባት ግን ስለ በሬው ያስባል። ወጪን የመቀነስ ምክር ሁሉ በመልካምነት በሚወሰድበት ጊዜ ይህ ቁጠባ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ጎጆ የሚወጣ ወጣት መሬት የሚጠይቀው የገበሬ ማኅበሩን ሆነ፤ አባት ለልጁ የሚቆርሰው ሀብት ወደ ከብትና ወደ እህል ጠበበ። እጅግ የሚበልጠው ለውጥ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ከደቡብ ወሎ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎቹ የዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድ ካዘወተሩ ወዲህ ለሠርግ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ወደ መንደር ገባ። ጥበብ ቀሚሱ ለኪራይ ቬሎ፣ በቅሎው ለኪራይ መኪና ስፍራውን ለቀቀ፤ ቪዲዮ ቀራጭና የድምፅ ማጉያ ከሚዜ እኩል አስፈላጊ ሆኑ። ጣዕም ይለወጣል፣ በዚህም ማንም ሊወቀስ አይገባውም። ዳሩ ግን የኪራይ ዋጋ ለጎረቤት አይመለስም፤ ወደ ደሴ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ በውጭ ደመወዝ ተስፋ ሠርግ የቆረጠ ቤተሰብ የተስፋው ምንጭ ደረቀበት።

ቅሬው ዛሬም አለ፤ በየቦታው ድንኳን፣ ብረት ድስትና ሳህን ገዝቶ ለአባላቱ ያውሳል ወይም በጥቂት ዋጋ ያከራያል። ባልና ሚስቱ በኒካሕና በቡና ብቻ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቁርባንና በአንድ ማዕድ የሚጋቡበትም ቤት አለ። በትልቁ ሠርግ በር ላይ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው ግን እየቆየ የሚያሰፍረው ስምና የብር መጠን ብቻ ሆኗል። ቀድሞ በመሶብ እንጀራና በእንስራ ጠላ ብድሯን ትመልስ የነበረች መበለት አሁን ከስሟ ትይዩ አኃዝ ይጻፍባታል፤ ለዚያም አኃዝ ወደ ሐይቅ ገበያ እህል ወይም ፍየል ይዛ ትወርዳለች።