የሐይብሪድ መኪና ትልቁ ባትሪና የሽያጭ ውሉ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ በየመሸጫው ከሚቆሙት ያገለገሉ መኪኖች መካከል ሐይብሪድ የሚባሉት ይገኙበታል፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ የነዳጅ ወጪ ያማረረው ሰው ዓይኑን ቀድመው በገቡት ላይ ቢጥል አይገርምም፡፡ ችግሩ ገዢው የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ጎማውን አይቶና ቀለሙን ዳብሶ ሲዋዋል፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወይም ሥር የተቀመጠውን ውድ ዕቃ ሳያይ መቅረቱ ነው፡፡

ሐይብሪድ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፡፡ አንዱ ሁላችንም የምናውቀው 12 ቮልቱ ሲሆን፣ ሌላው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ትልቁ ባትሪ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የተመረተውን ሁለተኛውን ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ለምሳሌ እንውሰድ፡፡ ትልቁ ባትሪ 28 ሞጁሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 1.2 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ሴሎች ተደርድረዋል፡፡ 168ቱ ሴሎች ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም ወደ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ከመድረሱ በፊት እስከ 500 ቮልት ያድጋል፡፡ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካ የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

ቮልቴጁ ትልቅ ይሁን እንጂ የሚያጠራቅመው ኃይል ትንሽ ነው፤ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፡፡ ፍሬን ሲያዝና የነዳጅ ሞተሩ ሲሠራ ይሞላል፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይሰጣል፡፡ በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ነዳጅ የሚቆጠበው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ኮምፒዩተሩ ባትሪው ጭራሽ እንዲራቆትም ሆነ ጢም ብሎ እንዲሞላ አይፈቅድም፤ ዕድሜው የሚረዝመውም በዚሁ ነው፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፡፡ ፕሪየስ የተለመደው ዓይነት ሞተሪኖ የለውም፤ የነዳጅ ሞተሩ የሚነሳው በትልቁ ባትሪ ኃይል ነው፡፡ ስለዚህ ባትሪው ከሞተ ታንከሩ በነዳጅ ቢሞላም መኪናው ንቅንቅ አይልም፡፡ በአንጻሩ ትልቁ ደህና ሆኖ ትንሹ 12 ቮልት ሲደክምም መኪናው እምቢ ይላል፡፡ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» የሚለውን የጋራዥ ብይን ከመቀበል በፊት ትንሹን ማስለካት ያዋጣል፡፡

የባትሪው ዋና ጠላት ሙቀት ነው፡፡ አዲስ አበባ ደጋ መሆኗ ይጠቅማል፣ አቧራዋ ግን ይጎዳል፡፡ በኋላ ወንበር ጎን ያለው የአየር ማስገቢያ ኮት ሲጣልበት ወይም ፋኑ በአቧራ ሲታፈን ሴሎቹ ይግላሉ፤ አንዱ ሞጁል ቀድሞ ይደክማል፡፡ ያን ጊዜ የደከመውን ብቻ ከሌላ አሮጌ ባትሪ በወጣ መተካት በዋጋው ያማልላል፡፡ የተተካው ከቀሩት ጋር እኩል ስለማይሞላና እኩል ስለማይወርድ ግን፣ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ይከተላል፡፡ የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያ መብራት በመሣሪያ ሊጠፋ ስለሚችል እሱን ማመን አይበቃም፡፡ የመኪናው ኮምፒዩተር ሞጁሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የ14 ክፍሎችን ቮልቴጅ ይከታተላል፤ መኪናው በደንብ ከተነዳ በኋላ እነዚህን ቁጥሮች አስነብቦ ማወዳደር ይቻላል፡፡

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል፡፡ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፡፡ ይሁንና በውሉ ውስጥ «መኪናውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ሐረግ ካለች፣ ክርክር ሲነሳ ሻጩ የሚመዘው እሷን ነው፡፡ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ውልና ማስረጃ ከመሄድ በፊት ሁለት ነገር በውሉ ሊሰፍር ይገባል፤ የ14ቱ ክፍሎች ንባብ ከነቀኑ አባሪ እንዲሆን፣ ሻጩም ሞጁል ተቀይሮ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፡፡ ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ተቀንሶ መደራደር ነው፡፡