ምጣድ ባሕር ሲሻገር

በቨርጂኒያዋ አናንዴል ካሉት መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ያን ጊዜ እንጀራ ይጋገርባቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ፣ በተለይም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ፣ አናንዴልን ጨምሮ በዋሽንግተን ዙሪያ ኢትዮጵያውያን እየበዙ ሄዱ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በየወጥ ቤቱ የተነሳው ጥያቄም አንድ ነበር፦ በምን ይጋገር?

አገር ቤት የምጣድ ዕድሜ በጋጋሪዋ እጅ ነው። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የተገዛ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይለቅም። እየጋለ በጎመን ዘር ደጋግሞ ሲታሽ ጥቁርና ልስልስ ገጽ ያወጣል። ከዚያም በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል በማሰሻ ይታሰሳል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ግን ስንጥቁን በራሱ እጅ ጠራ ማለት ነው።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ በኋላ የከተማው መብራት እየሰፋ ሲሄድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፤ ጉልቻውም ከብዙ ቤት ወጣ። በኤሌክትሪኩ ምጣድ ከሸክላው ሥር ቦይ ይወጣል፣ የተጠቀለለ ሽቦ ይቀበርበታል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ ዙሪያው በላሜራ ይታቀፋል። ከዚህ ወዲያ ምጣድ ሁለት ዕድሜ ኖረው፤ የሸክላውና የሽቦው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡና ቅባቱ ወደ ሽቦው ይሰርጋል። ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ ጠጋኙ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ይቀጥለዋል። ነገር ግን የተቀጠለው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ ያጠረው ሽቦም ተጨማሪ ኃይል ይስባል። ስለዚህ አንዴ የተቀጠለ ምጣድ ሁለተኛው ጥገና ብዙ አይዘገይበትም።

ይህን ምጣድ ጠቅልለው አሜሪካ ይዘው የመጡ ሰዎች ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ ተራ ሶኬት ግን 120። 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ እዚህ ወደ 1,000 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ሙቀት እንጀራው ከመብሰል ይልቅ ይደርቃል። ለልብስ ማድረቂያ የተዘረጋው 240 ቮልት መስመር ላይ ሲገናኝ ደግሞ ከተሠራለት 19 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ስለሚያልፍበት የሽቦው ዕድሜ ያጥራል።

መፍትሔው የተገኘው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በአይዋ ግዛት በክሬስኮ ከተማ የሚገኘው ቤታኒ ሃውስዌርስ ሌፍሰ ለተባለው የኖርዌይ የድንች ቂጣ የሚሆን «ሄሪቴጅ» የሚባል ክብ መጋገሪያ ይሠራል። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሸክላው ምጣድ ቢያንስም በተራ ሶኬት ይሠራልና ኢትዮጵያውያን ተቀበሉት። በኋላ እንደ «ዋስ» ያሉ፣ ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ ዲጂታል ምጣዶችም ገበያ ገቡ።

ዕቃው ሲለወጥ የሚያልቀው ነገርም ተለወጠ። የአዲሶቹ ምጣዶች የማያጣብቅ ልባስ ማሟሸት አይፈልግም፤ በብረት ከተፋቀ ግን እንጀራው እየያዘ ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ልባስ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል። በሄሪቴጁ ጎን የሚሰካው የሙቀት መቆጣጠሪያም ውሃ ከገባው ይበላሻል፤ ጥቅሙ ተነቅሎ በአዲስ መተካቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠጋኝ ሽቦውን ይቀጥል ነበር፤ እዚህ ግን ክፍሉ ይታዘዛል፣ ካልተገኘ ምጣዱ ይጣላል።

የድሮው ወግ ግን ዛሬም ይሠራል። ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ውሃ ውስጥ አለመንከር፣ ገጹን በቢላ አለመንካት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን አጣጥፎ አለማስቀመጥ ለሸክላውም ለልባሱም ዕድሜ ይጨምራል። በማራዘሚያ ገመድ መጋገር ይቅር፤ ምጣዱም ከሌላ ከባድ ዕቃ ጋር አንድ መስመር አይጋራ። ስፒናው ወይም ሶኬቱ የሚግል ከሆነ ግን ጋገራው ወዲያው ይቁምና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።